ሠላሳ አንድ አያቶች በአንድ ማክሰኞ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ሌባ አሉኝ።

በሰባ አራት ዓመቴ፣ በማኅተም፣ በሁለት ቅጂ ሌባ አሉኝ። ከፈተና ቢሮ የመጣው ደብዳቤ ቃሉን አልተጠቀመበትም። «የፈተናው ይዘት አስቀድሞ መውጣቱ ተጠርጥሯል» ነው የሚለው። ያው ነው። እኔ የማስጠናቸው ሠላሳ አንድ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድርሰታቸውን በአንድ ዓይነት አንቀጽ ስለ ጀመሩ ውጤታቸው ተይዟል። እስከ ነሐሴ 6 ካልተጣራ ይሰረዛል። እንግሊዝኛ የተሰረዘበት ደግሞ ኮሌጅ አይገባም። የማስጠናበት ክፍል ነገ ይታሸጋል። የልጄ ልጅ ከሠላሳ አንዱ አንዷ ናት።

ደብዳቤውን እንደ ተማሪ ወረቀት አነበብኩት። ልማዴ የታወቀ ነው። ስህተት አላርምም፣ አላሰምርበትም፤ መስመሩ ዳር በእርሳስ አንዲት ነጥብ አኖራለሁ፣ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ደብዳቤው አሥራ አራት መስመር ነው። ዘጠኝ ነጥብ አገኘ። «ተጠርጥሯል»፣ «ተይዟል»፣ «ይታሸጋል»። ማን ጠረጠረ? ማን ያዘ? አድራጊ የሌለው ዓረፍተ ነገር የፈሪ መደበቂያ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ።

ፈተናውን አላየሁም። ይህን እዚህ ጽፌ አኖራለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ከክፍሉ ያወጣሁት፦ መዝገበ ቃላቴን፣ ጠመኔ፣ ጃንጥላ። ጥቁር ሰሌዳው ቀረ። ላዩ ላይ የኃላፊ ጊዜ ሠንጠረዥ አለ፤ ይታሸግበት፣ ያሸገው ሰው ይማርበት።

ክፍሉ ከፀጉር ቤቱ በላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ፤ ለጊዜው ነው» አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቁልፍ ነው። ሰጠሁት። ጢሜን ሊላጨኝ ወንበር ሳበልኝ። እምቢ አልኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ፈተና ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊዋ ከልጄ የምታንስ ሴት ናት።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ማንበብ ጀመረች። የአንዱ አያት ማክሰኞ ሞተች። የሁለተኛውም ማክሰኞ። የሦስተኛዋም። ጥግ ላይ የተቀመጠው መዝገብ ያዥ ከፋይሉ ቀና ሳይል «ሠላሳ አንድ አያት በአንድ ማክሰኞ፤ ምን ዓይነት ወረርሽኝ ነው?» አለ። ኃላፊዋ በዓይኗ ገሠጸችው። እሷም ግን ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

የድርሰት ምርጫዎቹ ሦስት ኖረዋል፦ የማልረሳው ጉዞ፣ የውሃ አጠቃቀም፣ የንባብ ጥቅም። ዛሬ ነው ያወቅኩት። ከተማሪዎቼ አንዱ ውሃን መርጧል። ይህ በየሦስት ቃሉ ቆም የሚለው፣ እኔ ራሴ ነጠላ ሰረዝ ብዬ ስም ያወጣሁለት ልጅ ነው። አያቱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ገድሎ ሲያበቃ በስድስተኛው «ስለዚህ ውሃ መቆጠብ አለብን» ብሏል።

ወረቀቱን አንስቼ ፊቷ ያዝኩላት። «ምስክሬ ይኸው። ፈተናውን ሰርቄ ቢሆን ለውሃ ጥያቄ የሞተች አያት እሰጥ ነበር?»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ታዲያ አንቀጹ ከየት መጣ?»

«ምሳሌ አንቀጽ ነው። አንቀጽ እንዴት እንደሚዋቀር ማሳያ።»

«በቃላችሁ ያዙት ብለዋቸዋል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው አዳራሽ ውስጥ ተኮራርጀዋል ማለት ነው፣ ይሰረዛል። እርስዎ አስጠንተዋቸው ከሆነ ግን ኩረጃ አይባልም። አንቀጹን ትተን ቀሪውን እናርምላቸዋለን። ይህንን በፊርማዎ ያምጡልኝ።»

«እኔስ?»

«ስምዎ ከአስጠኚዎች መዝገብ ይወጣል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፋል። ደንቡ ነው፣ አባቴ።»

«ያላልኩትን አልኩ ብዬ አልፈርምም» አልኳት፣ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የመዝገብ ያዡ ድምፅ ተከተለኝ፦ «ይሄ ሽማግሌ አስጠኚ አይደለም፤ ቀባሪ ነው።» ሳቅ ነበር። የስንት ሰው ሳቅ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

በቃላችሁ ያዙት አላልኩም። «ጠንቅቃችሁ እወቁት» ነው ያልኩት። ልዩነት አለው።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ልጄ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ የምታርፈው እሑድ ብቻ ነው፤ ምሳ ሦስታችን እንበላለን። ዛሬ ማንም የበላ የለም።

«አባዬ፣ አንድ ወረቀት እኮ ነው» አለች ልጄ። «ጻፍና ገላግለን።»

«ያልሠራሁትን?»

የልጄ ልጅ ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየቆምን አንቀጹን ስንል ምን ነበር የምንሠራው፣ አባባ?»

«የንባብ ልምምድ።»

«ደብተር ዘግተን?»

እናቷ «አንቺ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አለቻት። «ተያት፣ ትናገር» አልኩ። መከራከር የማይችል ተማሪ አላሳደግኩም።

«እኔ የአንተን አልጻፍኩም» አለች።

«የመጀመሪያው መስመር አንድ ነው ተብሏል።»

«የመጀመሪያው መስመር እውነት ስለሆነ ነዋ። የእኔ አያት ማክሰኞ ነው የሞተችው። ያን ቀን ሠላሳ ሰው እቤታችን አልነበረም።»

ምግብሽን ብዪ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ለበላይ ቢሮ አቤቱታ ጻፍኩ። አራት ገጽ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አድራጊ አለው። ዝናብ። ፖስታ ቤት በእግሬ። ጫማዬ አፉን ከፍቷል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

ክፍሌን አሸጉ እንጂ ደረጃዬን አላሸጉም። ስድስት ተማሪዎች ከቤቴ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎረቤት በመስኮት ያየናል። ይይ።

የሥነ ጽሑፍ ቃላትን ከለስን። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ። ምፀት ላይ ስንደርስ ምሳሌ ጠየቅኩ።

ነጠላ ሰረዝ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ እኛ፣ ፈተና ሳንሰርቅ፣ ሌባ መባላችን?»

«እሱ ግፍ ነው። ምፀት ሌላ ነው። ነገሩ ራሱን ሲገለብጥ ነው።»

ከላይኛው እርከን የተቀመጠችው፣ ዘወትር የማትናገረው ልጅ፣ ጉልበቷን እያየች «የራሳችሁን ጻፉ እያለ አንድ አንቀጽ ያስጠናን አስተማሪ» አለች።

ምሳሌው እንከን የለውም።

«ትክክል» አልኩ። ወደ ግነት አለፍን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

ከሰዓቱን ሙሉ ዘነበ፣ ማንም አልመጣም። ጊዜ ስላለኝ ስለ አንቀጹ እጽፋለሁ። ቢሮው የራሱን ይጻፍ፤ የእኔ መዝገብ ይህ ነው።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ቋንቋውን የለቀምኩት ከሣጥን ላይና ከማሽን መመሪያ ነው። አትንካ። አጥፋ። ከእርጥበት አርቅ። ይህ ጎን ወደ ላይ። የመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛዬ በሙሉ ትእዛዝ ነበር። ባለቤቴ «ፈረንጅ እርስ በርሱ ሰላም አይባባልም እንዴ?» እያለች ትሥቅብኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሷ ጓዳ ትሰፋለች፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ፤ ኑሯችን ይኸው ነበር። ዲግሪ የለኝም። ዲግሪ ያላቸው ልጆቻቸውን ወደ እኔ ይልኩ ነበር።

አንቀጹን የጻፍኩት እሷ ባረፈች በዓመቱ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦

«አያቴ የሞተችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ዝናቡ ጣሪያው ላይ እንደ አሮጌ የስፌት መኪና ያንኳኳ ነበር። ከጓዳ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። አንድ ቃል እየፈለግኩ ነበርና ቆይ አልኳት። ሦስተኛ አልጠራችኝም።»

ለትምህርት የተመቸ አንቀጽ ነው። መሪ ዓረፍተ ነገር አለው፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለው፣ ኃላፊ ጊዜው አይዋዥቅም፣ ከረጅም ዓረፍተ ነገር በኋላ አጭር ይመጣል። ባለቤቴ ሞተች ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ስለሌለ አያቴ አልኩት። ከዚያ ውጭ የነካሁት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ ቆመው ሲሉት አምስት ዓመት ሰምቻለሁ። ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ «ቆይ አልኳት» ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም አድርጉ አላላቸውም። እኔ የማዳምጠው አነባበባቸውን ነበር።

የመጋዘን ሰው ትርፍ ዕቃ ማስቀመጥ ያውቃል። ልጅ አዳራሽ ገብቶ ራሱ ባዶ ቢሆንበት የሚያነሣው ነገር ይኑር ብዬ ነው። ምናልባት እንዲያ ብያለሁ። ጮክ ብዬ ስለማለቴ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ከበላይ ቢሮ መልስ መጣ። ለአራት ገጽ ሁለት መስመር። «አቤቱታው ታይቷል። ተቀባይነት አላገኘም።» ሁለት ነጥብ አገኘ።

ከሰዓት የነጠላ ሰረዝ እናት መጣች። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እጇ ላይ ዱቄት አለ። የልጇን ደብተር ከላስቲክ አወጣችና ገጹን ገልጣ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ምን ይላል?»

አንቀጹ ሥር በቀይ እስክሪብቶ በአማርኛ የተጻፈ ነው። አነበብኩላት። «ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናል። በቃል ይያዝ።»

ደብተሩን ተቀብላ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «እንግዲህ ልጄ ያደረገው የታዘዘውን ነው» አለች።

«አዎ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ቆሜ ነበር። ቁጣ እችላለሁ፤ ለቁጣ መልስ አለኝ። እሷ ግን «ምድጃው ይጠብቀኛል» ብላ ሄደች።

የደከመኝ ቀን ጽፌው ይሆናል። ግን በሌሎቹም ደብተሮች ላይ አለ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተከታትሎ የሚደክመው ሰው የለም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

ይህ ግን ሌባ አያደርገኝም። ሌብነትና ይህ ለየቅል ናቸው። ቢሮው እንደሆነ ያለው ሌባ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

ጢሜን ተላጨሁ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አስቀምጦ መምከር ያዘ፤ የዚህ ሙያ ሰዎች ጊዜ መምረጥ ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ አልነበር?»

«እላለሁ።»

«ከላይ ሆነው ሲያስተምሩ ድምፅዎ እዚህ ይሰማል። ደንበኞቼ ሁሉ ያቺን አያት በቃላቸው ያውቋታል። አንዱ እንዲያውም ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆኝ ስነግረው፣ አልቅሶ ሳይላጭ ሄደ።»

«ገንዘቡን ሰጠህ?»

«ምን አድርጌለት!»

አልሣቅኩም ማለት አልችልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 29

ሦስት ተማሪዎች መጡ። ከስድስት ሦስት። ነጥብ፣ ኮሎን፣ የመግቢያ አንቀጽ። የየራሳቸውን አጻፍኳቸው። የአንዷ ስለ አውቶቡስ ወንበር ነው። ጥሩ ነው። ያለ እኔ አያት ይጽፋሉ። ይህን አለማወቄ...

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

አራት ቀን ቀረ። ልጄ አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር፤ እምቢ ለማለት አንድ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል። የልጄ ልጅ የጎረቤቱ አሮጊት ከታች ሲጠሩ ሦስት ደረጃ እየዘለለች ወረደች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ማንም ሲጠራ ከቤቱ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። እግረ ቀላል ብያት አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 4

ቢሮው ልሄድ የተነሣሁት የልጄን ልጅ ወረቀት ለይተው እንዲያርሙ ልጠይቅ ነው። የራሷን ከጻፈች ከሌሎቹ ጋር መታሰር የለባትም። ለመፈረም አይደለም የሄድኩት።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ከክምሩ ለየችው። ከፊቷ እንዳየሁት አስቀድማ ታውቀዋለች። «ለተፈታኝ ቤተሰብ ማሳየት አይፈቀድም» አለች። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠችና መስኮት ልትከፍት ተነሣች። መስኮቱ ክፍት ነበር።

የመረጠችው ጉዞን ነው። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ይላል፦

«አያቴ የሞተችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ሁለት ጊዜ ጠራች። እኔ ደረጃው ላይ የልብስ ቁልፍ እየደረደርኩ እጫወት ነበር፣ ሁለቱንም ሰማሁ። ወንድ አያቴ ያለው ከጎኗ ክፍል ነው፤ እሱ ቃል ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ መልስ ስለሚሰጥ ይሄድላታል አልኩ። ረጅሙ ጉዞዬ ከደረጃው እስከ ጓዳ ያለው ነው። ሰባት እርምጃ ነው። አልሄድኩትም።»

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሦስተኛው መስመር ላይ የጊዜ ስህተት አለ። ጽሕፈቷ ጥሩ ነው። እርሳሴ በእጄ ነበር፣ ነጥብ አላደረግኩም። ተቀምጬ ነበር። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

መዝገብ ያዡ ውሃ አመጣልኝ። ስለ ውሃ ምንም አልቀለደም።

«እሷን ለይተን ማረም አንችልም» አለች ኃላፊዋ። «ወይ ሁሉም፣ ወይ ማንም።»

«ወረቀት ስጪኝ።»

የተዘጋጀ ቅጽ አቀረበችልኝ። «ስህተት መፈጸሙ ታውቋል» ይላል። መለስኩላት። ባዶ ወረቀት ጠየቅኩና ይህን ጻፍኩ፦

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቃል ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናል ያልኳቸው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ አልሰረቁም፣ አልኮረጁም፤ አስተማሪያቸውን አመኑ። እኔም አልሰረቅኩም። ሌባ ያለኝ ቢሮ ዋሽቷል።»

አነበበችው። «አባቴ፣ የመጨረሻው መስመር አያስፈልግም ነበር።»

«ያስፈልጋል።»

«ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ እሱም አብሮ ይነበባል እኮ።»

«ለዚሁ ነው።»

አልሰረዘችውም። ማኅተሙን መታችበት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 11

ሰሌዳው ላይ ለጥፈውታል። ሄጄ አነበብኩት። ዝናብ ስላካፋ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ «ይሄ ማን ነው ደግሞ?» ተባባሉ።

ዞርኩ። «እኔ ነኝ። ያልገባችሁ መስመር አለ?»

የለም አሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 18

ውጤት ወጣ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ አለፉ። አምስቱ ወድቀዋል፤ አንቀጹ ሲነሣባቸው የቀራቸው ነገር አልነበረም። እነዚህን አምስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የትኛው ቦታ እንደሚቀመጡም አውቃለሁ። ነጠላ ሰረዝ በውሃው ለጥቂት ተረፈ። እናቱ ትኩስ ዳቦ ላከች። አልመለስኩትም፤ አልቀመስኩትምም። የልጄ ልጅ አልፋለች።

ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን ይዞ መጣ። «ማስጠናት ነው እንጂ የተከለከሉት ቁልፍ መያዝ አልተከለከሉም» አለ። ተቀበልኩት። ለወደቁት አምስቱ ነገ በአንድ ሰዓት ኑ ብዬ ላክሁባቸው። ያስጠናሁ እንደሆነ ይክሰሱኝ፤ አድራጊ ያለው ክስ ያምጡ።

ማምሻውን የልጄ ልጅ ከጎኔ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ወረቀቴን አነበብከው አሉ።»

«አነበብኩት።»

«እና?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል። አንድም ቀን ይህን አላወራንም። የምላትን ከቢሮ ስመለስ ጀምሮ ሳዘጋጅ ሰንብቻለሁ። ሲወጣ ግን አጭር ነው የሆነው።

«የጠራችው እኔን ነው። በስሜ ነው የጠራችው። አንቺን አልጠራችም።»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። አንድ የምትናገረው ነገር ነበራት፤ ምናልባት ብዙ ነበራት። እጄን አንሥቼ አስቆምኳት። ተነሥቼ ገባሁ።

ልጄ ከወጥ ቤት «ምን አለሽ?» ስትላት ሰማሁ። «ምንም» አለቻት። ደህና መልስ ነው፤ እኔም ያው ነው የምመልሰው። ሌባ ስላሉኝም፣ ስለ ፈረምኩትም፣ ስለዚያች ቀንም ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም፤ ለልጄም፣ ለእሷም፣ ለዚህም ደብተር። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።